ለአንድ ቀን ናይሮቢ፣ ከአባት ጋር፦ የግል አስጎብኚ ያዋጣል ወይ?

ስለዚህ ጉዳይ በኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ ክር (አንድ ጥያቄና ከሥሩ የሚሰጡት መልሶች) የከፈተችው ከፍኖተ ሰላም የጻፈች መምህርት ናት። አባቷ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የምሥራቅ አፍሪካን ካርታ በጠመኔ ሲስሉ ኖረው ከአገር ወጥተው አያውቁም። ልጅ አሁን ልታስደስታቸው አስባለች። አንድ የጉዞ ወኪል የናይሮቢ የአንድ ቀን ጉብኝት አቅርቦላታል። ጠዋት ከቦሌ ተነስቶ ማታ መመለስ ነው። መኪናው ከነሹፌሩ፣ አስጎብኚውም ጭምር ለሁለቱ ብቻ ነው። ዋጋው ግን ለመምህር ደመወዝ ይከብዳል። ጥያቄዋም አጭር ነው፦ ገንዘቡ ያዋጣል ወይስ ራሳችንን ችለን ብንሄድ ይሻላል? ጊዜውን ሐምሌ ላይ አድርጋዋለች፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ናይሮቢ በሥራ ምክንያት እመላለሳለሁ። ስለዚህ ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ። ከሠላሳ በላይ መልስ ተሰጥቶበታል። ብዙው ጠቃሚ ነው፤ የተወሰነው ጠብ ነው። ጠቃሚው እዚህም እዚያም ስለተበተነ ሰብሰብ አድርጌ ላቅርበው። የራሴንም ሐሳብ እግረ መንገዴን እጨምራለሁ።

1ኛው መልስ ምርቃት ነው። አባትን ማክበር ዕድሜ እንደሚሰጥ ጽፎ፣ ዋጋውን በተመለከተ ግን ምንም ሳይል አለፈ። 2ኛው ኢትዮጵያዊ ለኬንያ ቪዛ እንደማይጠየቅ አስታወሰ። ከጃንሆይና ከኬንያታ ዘመን ጀምሮ የቆየ ስምምነት ነው። ፓስፖርቱ ግን ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑን ማየት እንደሚገባ አሳሰበ።

3ኛዋ ነርስ ናት። የሷ መልስ ከሁሉም በላይ መነበብ ያለበት ይመስለኛል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ካርዱ የሚጸናውም ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ዋዜማው ላይ ሮጦ መከተብ ዋጋ የለውም። ሌላም ነገር ጨመረች። ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነ ሰው ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስድ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከወጣቱ ይልቅ ሊያሰጋ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር አለበት። ሐኪሙ አይሆንም ካለ በጽሑፍ ማስረጃ ይሰጣል። ስለ ሽማግሌ ጉዞ ሲወራ ይህን የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም ነበር። እናመሰግናለን እህታለም።

4ኛው ሒሳብ የሚወድ ሰው ነው። በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው አለ። ቦሌ ደግሞ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ናይሮቢ ሲደርሱ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ። ከጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው ሲገቡ የመኪናው መዓት አለ። ማታ ይኸው ሁሉ ወደ ኋላ ይደገማል። ከቀኑ ለጉብኝት የሚተርፈው አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ቢሆን ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ፈጣን መንገድ ከአውሮፕላን ማረፊያው መሃል ከተማ ቶሎ እንደሚያደርስም ጠቅሷል። ግን ይከፈልበታል። ክፍያው በማን ላይ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

5ኛው ከደጀን ነው። ገና ቦሌ ሳይደረስ ችግር አለ ባይ ነው። ከፍኖተ ሰላም የተነሳ ሰው በዚያው ቀን ጠዋት አውሮፕላን አይሳፈርም። በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገብቶ ማደር ይሻላል አለ። በዚህ እስማማለሁ። እኔ እንዲያውም ጨመር አደርግበታለሁ። ጉብኝቱ የአንድ ቀን ይሁን። ናይሮቢ ላይ ግን ሁለት ሌሊት ይታደር። ሽማግሌ አባት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቀስቅሶ፣ ቀኑን ሙሉ አዙሮ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቦሌ ማውረድ ማስደሰት አይባልም።

6ኛው በሞያሌ በመኪና ቢሄዱስ የሚል ሐሳብ አመጣ። 7ኛው ወዲያው ጣለው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ብቻውን ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ናይሮቢ ሌላ የዚያኑ ያህል ይቀራል። ለወጣት ጥሩ ጀብድ ይሆናል። ለጡረተኛ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ሌሎች ጎረቤት ከተሞች ዞረ። 8ኛው ጂቡቲ ትቀርባለች፣ አማርኛም አይጠፋም፣ የአሳል ሐይቅንም ማየት ይቻላል አለ። 9ኛው አሳል ከተማው ውስጥ እንዳልሆነ አረመው። ከጂቡቲ ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ ከአፍሪካ ምድር እንደሱ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። ለጂኦግራፊ መምህር መልካም ነው። ግን በሐምሌ ሙቀት እዚያ ሽማግሌ ይዞ መሄድ አይታሰብም። 10ኛው አስመራን አነሳ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በረራው እንደገና ሲጀመር ቦሌ ላይ ዘመድ ከዘመድ ተቃቅፎ ሲላቀስ አይቷል። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ላይ በረራው ዳግም መቋረጡን 11ኛው አስታወሰ። ሁለቱም ከዚያ በላይ አልጻፉም።

12ኛው ከባሕር ዳር ነው። ጎጃሜ ከአገር ሊወጣ ካሰበ መድረስ ያለበት ካርቱም ነው የሚል ሙግት ይዞ መጣ። አጎቱ በመተማ በኩል ይነግዱ ነበር። ነጭ ዓባይና የኛ ዓባይ ሲገናኙ አይተዋል። ክረምት ላይ የኛው ውሃ በአፈር ጠቁሮ ይደርሳል። ሌላው ገርጣ ያለ ነው። ጎን ለጎን እየሄዱ ጥቂት ሳይቀላቀሉ ይቆያሉ። አጎቱ ያ ጥቁር ውሃ የጎጃም አፈር መሆኑን አጠገባቸው ለቆሙት ሁሉ ሲናገሩ እንደዋሉ ጻፈ። ከጣና ወጥቶ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ የሚደርሰውን ውሃ ማየት ለአንድ የጂኦግራፊ መምህር ከአንበሳ ይበልጣል አለ።

እኔም ልቤ እዚያ ነው። ግን ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ያንን ከተማ ምን እንዳደረገው እናውቃለን። 13ኛዋ ይህንኑ ጻፈች። ከጦርነቱ ሸሽተው በመተማ የገቡ ሰዎችን ተቀብላ ያነጋገረች ሴት ናት። ካርቱምን ለሽርሽር ማንሳት ራሱ እንደሚያሳምማት ተናገረች። 12ኛውም ክፋት አስቦ እንዳልሆነ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ። በጨዋነት የተጨረሰ ነገር ነው።

14ኛው ግን ዱላ ይዞ ገባ። ገበሬው የማዳበሪያ ዋጋ አሳብዶት፣ ልጆች ከትምህርት ገበታ ቀርተው፣ መንገድ ተዘግቶ እያለ ስለ ናይሮቢ ሽርሽር ማውራት ነውር ነው አለ። ገንዘቡን ለተቸገረ ብትሰጪው ይሻልሽ ነበር እስከማለት ደረሰ። 15ኛው በዚያው ቃና መለሰለት። ሴትየዋ ከደመወዟ ቆጥባ ላሳደጓት አባት ታውላለች እንጂ ከማንም ኪስ አልወሰደችም አለ። 16ኛውና 17ኛው ስድብ ውስጥ ገቡ። አድሚኑ ሁለት መልስ አነሳ፤ ለዚህ ነው ቁጥሩ የሚዘለው።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። 14ኛው የዘረዘረው ችግር ሁሉ እውነት ነው። እኛም እዚሁ ነው የምንኖረው። ግን ያንን ሁሉ ሸክም አንዲት መምህርት ላይ መጫን ልክ አይደለም። በክፉ ጊዜ አባትን የሚያስታውስ ልጅ ማግኘት ደስ ሊለን ይገባል።

20ኛው ለስለስ ብሎ የድሮውን ክርክር አመጣ። መጀመሪያ የራስን አገር ማወቅ ይቀድማል አለ። ሰከላ ወርዶ ግሽ ዓባይን፣ ጮቄ ወጥቶ ተራራውን፣ መርጡለ ማርያምን፣ ዲማ ጊዮርጊስን ሳያዩ ናይሮቢ ምን ይሠራል? 21ኛው የኚሁ መምህር ተማሪ የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ስማቸውን ሳይጠቅስ በአነጋገራቸው እንዳወቃቸው ጻፈ። እኚህ ሰው ግሽ ዓባይንም ጮቄንም ተማሪ እየመሩ በእግራቸው የሄዱ ናቸው። ጮቄ ላይ ደመና ከበታቻቸው ሲያልፍ አቁመው ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር አስተምረዋቸዋል። አገርህን እወቅ ለሳቸው የሚነገር ምክር እንዳልሆነ በአክብሮት ገለጸ።

ክሩ የተቀየረው 22ኛው ላይ ነው። ጠያቂዋ ተመለሰች። እስከዚያ ድረስ ማንም ያልጠየቃትን ነገር ራሷ ተናገረች። አባቷን ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠይቃቸዋለች። አንበሳ አላሉም። ቀጭኔም አላሉም። ሁለት ነገር ነው ያሉት። አንደኛው የስምጥ ሸለቆው ጫፍ ነው። የኛን በዝዋይና በሐዋሳ በኩል ሲያልፉ አይተውታል፤ ኬንያ ውስጥ እንዴት ሆኖ እንደሚቀጥል ማየት ይሻሉ። ሁለተኛው ባቡሩ ነው። ከሞምባሳ ተነስቶ እስከ ኪሱሙ የተዘረጋውን ሐዲድ በየዓመቱ ያስተምሩት ነበር። በ1896 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰው ነው። በወሬ ወሬ ደግሞ አያቷ በጎጃም ከጣሊያን ጋር የተዋጉ አርበኛ እንደነበሩ ጠቀሰች።

ወኪሉ ያቀረበላት ፓኬጅ ከዚህ ጋር ምንም አይገናኝም። የፓኬጁን ዝርዝር በዚያው መልስ ላይ አስፍራዋለች። ሁሉም ወኪል የሚሸጠው እሱኑ ነው። ጠዋት ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቀጥሎ የሙት ልጅ ዝሆኖች ማሳደጊያ፣ ከዚያ ቀጭኔ በእጅ የሚበላበት ቦታ፣ ምሳ፣ የዕቃ መሸጫ ሱቅ፣ መመለስ። መጥፎ አይደለም። ፓርኩ በ1946 እ.ኤ.አ. የተከለለ ነው። 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከመሃል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ አውራሪስ ሲግጥ፣ ከኋላው ፎቅ ተደርድሮ ማየት የትም የሚገኝ ነገር አይደለም። ዝሆን ግን ፓርኩ ውስጥ የለም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ሄዶ ቅር ይለዋል። ዝሆኖቹ ያሉት ማሳደጊያው ጋ ነው። ለጎብኚ የሚከፈተውም አስቀድሞ ለተመዘገበ፣ በኛ ሰዓት ከ5 እስከ 6 ብቻ ነው። ስለዚህ ፓኬጁ ውስጥ ዝሆን ካለ የቀኑ እምብርት ለሱ ታሰረ ማለት ነው። ስምጥ ሸለቆ መውጣት የሚባል ነገር አበቃ።

የኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው፤ ክሩ ላይም 23ኛው ሆኜ ጽፌዋለሁ። የግል አስጎብኚ ገንዘቡ የሚያዋጣው ቀኑን ለራስ ሰው ልክ አድርጎ ማሰፋት ሲቻል ነው። ከብዙ ሰው ጋር በአንድ አውቶብስ የሚሄድ ሰው የተሰጠውን ይቀበላል። ለብቻው መኪና የከፈለ ግን ቀጭኔውን አንሳና ባቡሩን አስገባ የማለት መብት አለው። ወኪሉ አይቻልም ካለ ሌላ ወኪል መፈለግ ነው። የቡድኑን ፕሮግራም በግል ዋጋ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አባትየው ባይጠየቁ ኖሮ ቀኑን ሙሉ የማይፈልጉትን ሲያዩ ውለው፣ ልጃቸው እንዳይከፋት ደስ ብሎኛል ይሉ ነበር። አባቶቻችንን እናውቃቸዋለን።

24ኛው መልስ ክሩን ሙሉ የሚክስ ነው። ከናይሮቢ የጻፈ የቢቸና ልጅ ነው። ከናይሮቢ በሊሙሩ በኩል ሲወጣ፣ ወደ ናይቫሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ምድር ድንገት ያልቃል አለ። ስምጥ ሸለቆው ከእግር በታች ይዘረጋል። ፊት ለፊት የሎንጎኖት ተራራ ብቻውን ቆሟል። ቁመቱ 2,776 ሜትር ነው፤ የእሳተ ገሞራው አፍ ከሩቅ ይታያል። መመልከቻው መንገድ ዳር ስለሆነ መኪና አቁሞ መውረድ ብቻ ነው፤ ሽማግሌ አያደክምም። ከዚያ በታችኛው መንገድ ወደ ማይ ማሂዩ ይወረዳል። ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሠሩት የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ተማርከው ኬንያ የተወሰዱ ናቸው። ቁልቁለቱ ግርጌ በ1942 እ.ኤ.አ. የሠሯት ትንሽዬ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለች። ጭነት የያዙ ከባድ መኪናዎች ፍሬን እያጮሁ አጠገቧ ያልፋሉ። ውስጧ ጥቂት ሰው ከገባ ይሞላል። ልጁ በዚያ ባለፈ ቁጥር መኪና አስቁሞ እንደሚገባ ጻፈ። የሱም አያት በላይ ዘለቀ ጋር የዘመቱ ናቸው። አያቱ የተዋጉት ሠራዊት ሰዎች ከዚያ በኋላ የት ደረሱ ለሚለው ጥያቄ አንዱን መልስ እዚያ እንዳገኘው ነው የሚናገረው።

ይህን አንብቤ ከወንበሬ ተነሳሁ። በዚያ መንገድ አልፌ አውቃለሁ። ያቺን ቤተ ክርስቲያን ግን ከጎጃም ጋር አገናኝቼ አስቤያት አላውቅም። በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይ በኦሜድላ ገብተው በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ አርበኛው ደብረ ማርቆስን ከብቦ ጣሊያንን ሲያስወጣ፣ ከዚያ በኋላ የተማረከው ወታደር ወዴት ሄደ ብሎ ያስተማረን ሰው የለም። የአርበኛ ልጅ፣ ያውም የጂኦግራፊ መምህር፣ እዚያ ቢቆሙ ምን እንደሚሰማቸው ሳስበው ቀጭኔው ከልቤ ወጣ።

25ኛው እርማት አለው፤ ተገቢ እርማት ነው። ምርኮኞቹ ሁሉ ከጎጃም የተወሰዱ እንዳይመስለን አለ። ከረን፣ አምባላጌ፣ ጎንደር፣ በየግንባሩ የተማረከው ነው ኬንያ የገባው። ለአባትየው ሲነገራቸው በዚህ ልክ ይነገራቸው። 24ኛውም ተቀብሎታል።

26ኛው ለባቡሩ ጉዳይ መፍትሔ ሰጠ። ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ የባቡር ሙዚየም አለ። አሮጌዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ መውጣት መውረድ፣ መንካት ይቻላል። ከሁሉ በላይ የሚታየው በ1900 እ.ኤ.አ. ኪማ ጣቢያ ላይ አንበሳ ገብቶ የተኛ የፖሊስ መኮንን ጎትቶ ያወጣበት ፉርጎ ነው። መኮንኑ አንበሳውን ሊገድል አድፍጦ ሲጠብቅ እንቅልፍ የጣለው ሰው ነበር። ናይሮቢ ራሷ በ1899 እ.ኤ.አ. የባቡር ማረፊያ ሆና ረግረግ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስለዚህ ሙዚየሙን ያየ የከተማዋን አወላለድ አየ ማለት ነው። አንበሳ ለሚወድም ታሪክ ውስጥ አንበሳ አለለት።

ከዚህ በኋላ ስለ አስጎብኚው ሰው ማንነት ጥሩ ክርክር ተነሳ። 27ኛው የደረሰበትን ጻፈ። የወኪሉን ስም አልጠራም፤ እኔም አልጠይቀውም። ቀብድ ከፍሎ፣ የግል ነው የተባለው መኪና ሲመጣ አራት የማያውቃቸው ሰዎች ተቀምጠውበት አገኘ። የመግቢያ ክፍያ ከዋጋው ውጪ መሆኑን የሰማው የፓርኩ በር ላይ ነው። በሩ ላይ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ክፍያው በስልክ ወይም በካርድ ነው። ሹፌሩ ከፍሎለት በኋላ ሒሳቡ ላይ ተጨቃጨቁ። ምክሩ ግልጽ ነው። ምን በዋጋው ውስጥ እንዳለ፣ ምን እንደሌለ፣ አውሮፕላን ቢዘገይ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይያዝ። በስልክ የተነገረ ነገር አይቆጠርም።

28ኛዋ ኬንያ ውስጥ አስጎብኚዎች በማኅበራቸው በኩል ተፈትነው የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ እንደሚያገኙ አስረዳች። ደረጃውን መጠየቅ ነውር የለውም። 29ኛው ግን ደረጃ ይቅር፣ አማርኛ የሚችል ሰው ይሻላል አለ። ናይሮቢ ውስጥ ከተማዋን በደንብ የሚያውቅ ሐበሻ ሞልቷል። ሽማግሌ በገዛ ቋንቋው ካልጠየቀ ጉብኝት አይደለም ባይ ነው። 28ኛዋ ተቆጣች። ያልተመዘገበ ሰው ይዞ አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል ስትል ጠንከር ባለ ቃል መለሰች። 30ኛው መሃል ገባ። የሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ አባትየው አስተርጓሚ አያሻቸውም አለ። ጠያቂዋ እውነት ነው አለች። ግን ማንበብና ማስተማር ሌላ፣ የኬንያን ሰው ፈጣን አነጋገር በጆሮ መያዝ ሌላ መሆኑን ጨመረች።

እኔ ከ28ኛዋ ጋር ነኝ፣ በአንድ ተጨማሪ ነገር። የተመዘገበ አስጎብኚ ይያዝ። አስቀድሞም በስልክ ይነጋገሩት። እንግዳው ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር እንደሆኑ፣ ቀስ ብሎ መናገር እንዳለበት፣ ጥያቄ እንደሚበዛ ይነገረው። ሙያውን የሚወድ አስጎብኚ እንዲህ ዓይነት እንግዳ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። አሥር ጊዜ ስለ አንበሳ የሚጠይቀው ሰው አድክሞታል።

ትንንሾቹን ነገሮች 31ኛውና 32ኛዋ ተካፈሉት። ፌስታል ወደ ኬንያ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። የአባት በሶና ቆሎ በጨርቅ ከረጢት ይታሰር። መኪና የሚሄደው በግራ ነው። መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይታያል፤ እጃቸውን መያዝ ነው። ሰዓትን በተመለከተ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። በስዋሂሊም እንደኛው ጠዋቱን አንድ ሰዓት ብሎ ነው የሚቆጠረው። ግን አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ሲናገር በፈረንጁ አቆጣጠር ነው። ሁለት ሰዓት ሲባል የቱ ሁለት ሰዓት እንደሆነ አንድ ጊዜ ማረጋገጥ ቀን ያድናል።

ምግብ ላይ ጾም ተነሳ። ፓኬጁ ውስጥ ያለው ምሳ ጥብስ ሥጋ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ቢውልስ? 33ኛው በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ የተቀቀለ ጊዘሪ የሚባል ምግብ የትም አለ፣ ከኛ ንፍሮ አይለይም አለ። የሕንድ ምግብ ቤቶችም ለጾም ይመቻሉ። የሐበሻ ምግብ ቤትም አለ። ከዚያ ክሩ የማን ሽሮ ይጥማል ወደሚል ሄደ፤ ያንን ትቼዋለሁ።

34ኛው ግን ወሳኝ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያነበው አልፏል። ሐምሌ ትክክለኛ ጊዜ አይደለም ይላል። ናይሮቢ እንደ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሰው እንደሚያስበው የምትጠብስ ከተማ አይደለችም። ሐምሌና ነሐሴ ብርዷ ነው። ሊሙሩ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርዳል። ከዚያ ሁሉ ጉዞ በኋላ መመልከቻው ላይ ቆመው ጉም ብቻ ቢያዩ ያሳዝናል። ሰማዩ የሚጠራው በጥርና በየካቲት ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ጥር መጨረሻ ላይ ስለሚውል ለመምህርትም ይመቻል። እኔም በጥር ነው ሂዱ የምለው።

ጠያቂዋ 35ኛው ላይ የደረሰችበትን ጻፈች። ጉዞውን ወደ ጥር አዛውራዋለች። ሁለት ሌሊት ናይሮቢ ያድራሉ። ወኪሉ መጀመሪያ አንገራገረ፤ በኋላ ቀጭኔውንና ዝሆኑን አውጥቶ ሊሙሩን፣ ማይ ማሂዩንና የባቡር ሙዚየሙን አስገባ። ለነዳጅ ጭማሪ ጠይቋል፤ የሁለቱ መግቢያ ስለቀረ ግን ብዙም ልዩነት አላመጣም። አባቷን ሐኪም ዘንድ ለቢጫ ካርዱ ይዛቸው ትሄዳለች። የቀራት ቀን መምረጥ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይሻል ይሆን ብላ ጠየቀች።

አይሻልም። እሑድ ከሰዓት ከናይቫሻ ወደ ናይሮቢ የሚመለሰው መኪና መንገዱን ይዘጋዋል፤ ሙዚየሙ ሳይደረስ ይመሻል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ያው ሕዝብ ወደዚያ ይወጣል። ከሥራ ቀን አንዱ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ በጾም ምክንያት ከወጡ፣ ሰኞም ከተማው ስለሚጨናነቅ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሆቴል ይነሱ። ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ሲገባ እነሱ ይወጣሉ። መመልከቻው ጋ ፀሐይ ሞቅ ሳትል ይደርሳሉ፤ ማይ ማሂዩ ወርደው፣ ምሳ በልተው፣ ከሰዓት ባቡሩ ጋ ናቸው። ሹራብ አይረሳ።